ምት ወይስ ስህተት

ሠላሳ አራት ልጆች፣ አንድ አሰልጣኝ፣ አንድ ረዳት፣
አንድ አሮጌ አውቶቡስ፣ ማርሹ ደዌ ያለበት፤
ለእነዚህ ሁሉ የተመደበው ስኮላርሺፕ ሲቆጠር
አሥራ አንድ ከሰባት አሥረኛ። አያልፍም ከዚህ ቁጥር።
ሰው እንዴት ሰባት አሥረኛ ይሆናል? ብዬ አልጠየቅሁም፤
ሃያ ሁለት ዓመት ኦዲተር ነኝ፣ አሥረኛ አያስደነግጠኝም።

ሃልቨርሰን ኮሌጅ፣ አዮዋ። ከወንዙ ማዶ የበቆሎ ጎተራ፣
ከወዲህ ሜዳው፤ አጥሩ ላይ የትራክተር ማስታወቂያ ተራ በተራ።
በረዶው ከሁለተኛው ማዕዘን ገና አልለቀቀም።
አሰልጣኝ ዳይክስትራ በአካፋ ይጠርጋል፤ የሜዳ ሠራተኛ የለም።
መደቡ የታጠፈው አምና ነው፣ በእኔ ጥቆማ። አልክድም።

ዱላ፣ ኳስ፣ ጓንት፦ ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ።
ነዳጅ፦ አሥራ አራት ሺህ፤ እላይ ወጥቶ እዚያው ቀርቶ።
ገቢ፦ ትኬት በስድስት ዶላር፣ ትኩስ ቋሊማ በዳቦ፣
የአንዲት ባልቴት ስጦታ፣ የሟች ባሏ ግራኝነት ታስቦ።
ጉድለት፦ አርባ ሺህ። ፕሬዚዳንቱ "ክፍተት" ይለዋል፣
እንደ አጥር። ልጅ ሾልኮ የሚያልፍበት ይመስለዋል።

ወደ ትምህርቱ ስዞር ብዕሬ ለሰለሰ፤
አማካያቸው ሦስት ነጥብ ሁለት፣ ከቅርጫት ኳሱ በላይ የደረሰ።
በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር፣ በኪስ ባትሪ፣ ካልኩለስ ይሠራሉ፤
ተቀባዩ ኮልቢ ትዊት ስለ አፈር ኬሚስትሪ ሲያወራ
ሌሎቹ ያንቀላፋሉ፣ አሉ።
የወደቀ አንድ ብቻ፤ የወደቀው በስታቲስቲክስ፣
የራሱን የምት አማካይ እስከ ሦስተኛው አስርዮሽ በቃሉ የሚያውቅ ልጅ።

ከዚያ፣ መስመር አርባ ሰባት።
አኒባል ሬንቴሪያ፣ ከማስካቲን። ድርሻው ሁለት አሥረኛ።
የአባቱ ሥጋ ፋብሪካ በጥቅምት ተዘግቷል።
የልጁ ዕዳ ግን በየወሩ፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን፣
ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ዶላር፣ በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል።
ከፋይ፦ "አጎት"።
አጎትየው ሰባትን መሃል ወገቧን በጭረት ይቆርጣታል።
እንዲህ ያለች ሰባት አውቃለሁ። በነዳጅ ደረሰኝ ላይ፣
በዳይክስትራ እጅ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ አይቻታለሁ።

ደንቡ አጭር ነው፦ አሰልጣኝ ለተጫዋች ሳንቲም አይሰጥም።

ጠራሁት። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አኖረ፣
"ሰባቴ ናት አይደል፣ ወይዘሪት ሊንድክቪስት?" ሲል ጀመረ።
"እናቴ ናት ያስተማረችኝ፤ ከአንድ ጋር እንዳትምታታ ብላ።"
አልለመነኝም። መስኮቱን አየ፤ ሜዳው በረዶ ሞልቷል እንደገና።

የዚህ ጨዋታ ሰሌዳ ሦስት ነገር ይቆጥራል፦ ሩጫ፣ ምት፣ ስህተት።
ስህተትን በአምፖል ጽፎ የሚሰቅል፣ በአደባባይ፣ በሰው ፊት!
የእኔ መዝገብ እንዲያ ደፋር አይደለም፤ በግርጌ ማስታወሻ ይሸፍናል።
ሦስት ሌሊት አሰብኩ። በእርሳስ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ።
በአራተኛው ቀን በብዕር፦ ስህተት፣ አንድ።

ለልጁ ሦስት ጨዋታ፣ ለዳይክስትራ እስከ ወቅቱ ማብቂያ ቅጣት።

የሚያዝያ ቅዳሜ። ለሠራተኛ መግቢያው በነጻ ነው፤ ስድስት ዶላር ከፈልኩ።
ዳይክስትራ ከአጥሩ ውጭ፣ በታጣፊ ወንበር። አየኝ መሰለኝ፤ አንገቴን ደፋሁ።
ዘጠነኛው ዙር፣ አኒባል ሦስተኛው ማዕዘን ላይ።
ትዊት መታት፤ ኳሷ ወጣች፣ ወጣች፣ እስከ ጎተራው አናት፣
ከአጥሩ ሥር ግን ተያዘች። ትዊት ወጣ።
አኒባል እስክትያዝ ጠብቆ ሮጠ፣ ተንሸራተተ፣ በአቧራ ቤት ገባ።

"ምት ነው ስህተት?" አለኝ ከጎኔ ያለ ሽማግሌ፣ እርሳሱን እየላሰ።
አንዱም አይደለም፣ አልኩት። መስዋዕት ይሉታል፤
መቺው ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፣ ከአማካዩ አይቀነስበትም።
"እሱን እንኳ አውቃለሁ" አለ፤ ጻፈ።

ቋሊማ ገዛሁ፣ አራት ዶላር። ደረሰኝ አልጠየቅሁም።